መስማት የተሳነውን ትልቅ ሰው ወደ ክፍል እንዴት እናስገባው? ጅማ ላላችሁ መምህራንና ወላጆች

መስማት የተሳናቸው ልጆችን የምታስተምሩ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። የልዩ ፍላጎት መምህር ሁኑ፣ ርዕሰ መምህር ሁኑ፣ ልጃችሁን በየጠዋቱ በባጃጅ የምታመላልሱ ወላጆችም ሁኑ፣ የምለው አንድ ነው። ክፍሉ ውስጥ መስማት የተሳነው ትልቅ ሰው ከሌለ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። ሥልጠና ጥሩ ነው። መጽሐፍም ጥሩ ነው። ግን ሳይሰሙ ማደግ ምን እንደሚመስል፣ ሳይሰሙ ማንበብ እንዴት እንደሚለመድ፣ ገበያ ላይ፣ ሆስፒታል፣ ቀበሌ ሄዶ ጉዳይን ማስፈጸም እንዴት እንደሚቻል በደንብ የሚያውቁት የኖሩት ሰዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ሩቅ አይደሉም፣ እዚሁ ጅማ አሉ።

መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ልናገር፣ ምክንያቱም ርዕሰ መምህሩን ለማሳመን ያስፈልጋችኋል።

መስማት ከተሳናቸው 10 ልጆች ከ9 በላይ የሚሆኑት የተወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ስለዚህ ብዙው ልጅ እሱን የሚመስል ትልቅ ሰው ሳያይ ያድጋል። “ሳድግ እሰማለሁ” ብለው የሚያስቡ ልጆች አሉ። ያዩት ትልቅ ሰው ሁሉ ስለሚሰማ ነው እንዲህ የሚያስቡት፣ ስሌታቸው ልክ ነው።

አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ አስቡት። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ወሬው ደርቷል፣ አንዷ የሆነ ነገር ትላለች፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ልጁ የእናቱን ቀሚስ ይጎትታል። ምን አለች? እናት በእጇ “ቆይ፣ በኋላ” ትለዋለች። ያ በኋላ አይመጣም። ሁለተኛው ስኒ ተቀድቶ ሌላ ወሬ ተጀምሯል። መስማት የተሳናቸውን ትልልቅ ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ይህንኑ ያነሱላችኋል። እና ነገሩ ሆድ ማስባሱ ብቻ አይደለም። የሚሰማ ልጅ የጤፍ ዋጋ መወደዱን፣ አጎቱ ከሚስቱ መጣላቱን፣ የጎረቤት ልጅ ለምን እንደታመመ ከዚያ ወሬ ነው የሚለቅመው። ማንም አላስተማረውም፣ ግን ያውቃል። መስማት የተሳነው ልጅ ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። ከዚያ ክፍል ውስጥ መምህሩ “ይህንንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ” ብሎ ያልፋል። ልጁ ከየት ያውቀዋል? የትኛው ነገር እንደሚያመልጥ ለይቶ የሚነግራችሁ ያመለጠው ሰው ነው።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1817 ሃርትፎርድ ላይ ለተከፈተው ትምህርት ቤት መሠረት ከጣሉት አንዱ ሎረን ክለርክ የሚባል መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ መምህር ነበር። በ1880 ግን ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለስም ያህል ብቻ በተገኙበት ጉባኤ፣ ምልክት ቋንቋ ከክፍል ይውጣ ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር መስማት የተሳናቸው መምህራን ከሥራ ወጡ፣ ልጆችም እጃቸውን እየተመቱ ከንፈር እንዲያነቡ ተገደዱ። ያ ውሳኔ ስህተት እንደነበር የዚያው ጉባኤ ተከታይ በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ልጆች ከፈሉ። እኛ አህጉር ላይ ደግሞ አንድሩ ፎስተር አለ። በ11 ዓመቱ በማጅራት ገትር የመስማት አቅሙን ያጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ጋና ሄዶ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ከዚያ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከ30 በላይ አቋቋመ። ብዙ የሚሰማ ሰው “አይማሩም” ብሎ የተዋቸውን ልጆች እሱ ይማራሉ ያለው ራሱ ስለተማረ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ሕግ ከጠየቃችሁ ደግሞ ሕግ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራን ይቀጠሩ ሲል አካል ጉዳት ያለባቸውን መምህራንም ጨምሮ ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አለ። ሁለቱንም አትማችሁ ያዙ።

የት ታገኟቸዋላችሁ

ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ናት። በርጩማና ወንበር የሚሠራባቸውን ቤቶች ዙሩ። ልብስ ስፌት ቤቶችን፣ ፀጉር ቤቶችን፣ ጋራዦችን ጠይቁ። ሰንበት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ አካባቢ በእጃቸው የሚያወሩ ሰዎች ቆመው ታዩ ይሆናል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሚማሩ ተማሪዎችም አጣሩ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያለ ነው፣ ወደ እነሱም ደውሉ። ደግነቱ አንድ ሰው ካገኛችሁ ሥራው አለቀ ማለት ይቻላል፣ እሱ ሌሎቹን ያውቃቸዋል፣ ተጠራርተው ነው የሚገናኙት።

ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ግን አትቁሙ። ሳይሰማ የተወለደና በሰባት ዓመቱ ታሞ መስማት ያቆመ ሰው ልጅነታቸው ለየቅል ነው። ሁለተኛው ሰው የሚነገር ቋንቋ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ነው የቀረው፣ ንባብ ሊቀለው ይችላል። ገጠር አድጎ በ15 ዓመቱ ምልክት ቋንቋ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያውቃል፤ ያለ ቋንቋ መቆየት ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ዘግይተው ትምህርት ቤት ለሚመጡ ልጆች ከእሱ የተሻለ ሰው የለም። ሴት የግድ ትኑር። ሴት ልጆች ስለ ወር አበባ፣ ስለ ትንኮሳ፣ ስለ ጋብቻ የሚጠይቁት ሰው ብዙ ጊዜ የላቸውም። ወሬው ሁሉ አምልጧቸዋል፣ እናታቸውም በምልክት ልትነግራቸው አትችልም። አንዲት ልብስ ሰፊ እህት ከልጆቹ ጋር ብቻዋን የምትቀመጥበት ሰዓት ስጧት። እናንተ ውጡ።

አጠራሩ

ደብዳቤ ጽፋችሁ አትላኩ። ብዙዎቹ አማርኛውንም ሆነ አፋን ኦሮሞውን በጽሑፍ የሚያገኙት እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። የቢሮ አማርኛ ደግሞ ለማንም አይገባም። ሄዳችሁ በአካል ንገሩ። ምልክት ካልቻላችሁ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስታወሩ ግን ዓይናችሁ ሰውየው ላይ ይሁን። “ንገረው፣ በለው” እያላችሁ ለአስተርጓሚው አታውሩ። ከሩቅ ከሆነ በቴሌግራም አጭር ቪዲዮ ይላክ፣ ወይም በኢሞ ፊት ለፊት ተያዩ።

ክፍያውን መጀመሪያ ቀን ተነጋገሩ። ሰውየው ሱቁን ዘግቶ ነው የሚመጣው። ለሌላ አሠልጣኝ አበል የሚከፍል ትምህርት ቤት ለእሱ ምሳ ጋብዞ “እግዜር ይስጥልን” ካለ ነውር ነው። ገንዘቡ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ትራንስፖርትና የዘጋው ሰዓት ይከፈለው፣ ፈርሞ ይቀበል፣ ስሙ መዝገብ ላይ “ረዳት መምህር” ተብሎ ይስፈር። ልጆቹ ይህን ያያሉ። እንደነሱ ያለ ሰው በትምህርት ቤታቸው ደመወዝ ሲፈርም ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

በዓመት አንዴ፣ መስከረም 13 አካባቢ በዓለም አቀፉ የምልክት ቋንቋዎች ቀን፣ ቲሸርት አልብሶ ፎቶ አንስቶ መሸኘት አይጠቅምም። በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ዓመቱን ሙሉ ይሻላል።

መጀመሪያ የሚመጣበት ቀን

ክፍሉን ስጡትና እናንተ ኋላ ቁጭ በሉ። ይህ ለመምህር ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የምታዩት ነገር የትም ሥልጠና ላይ አታገኙትም።

በርጩማ የሚሠራ አንድ ወንድማችን ክፍላችን የመጣ ቀን መጀመሪያ ያደረገው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ማየት ነበር። መምህር የሚቆመው መስኮቱ ፊት ነው። ከኋላው ብርሃን ሲመጣ ፊቱ ይጠቁራል፣ እጁም አይለይም። ከዚያ ተነስቶ ተቃራኒው ግድግዳ ጋ ቆመ። ተደርድረው የነበሩትን ዴስኮች ልጆቹን አስነስቶ በግማሽ ክብ አዞራቸው፤ በረድፍ ሲቀመጡ ከኋላ ያለው ልጅ የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው፣ ጓደኛው ምን እንደመለሰ ግን አያይም። ለመጥራት ወለሉን በእግሩ አልመታም፣ ሲሚንቶ ስለሆነ ንዝረቱ አይደርስም። የዴስኩን እንጨት በመዳፉ መታው። ሁሉም በአንዴ ቀና አሉ። ከዚያ ቦርዱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፣ ዞረ፣ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ልጆቹ አንብበው ጨርሰው ዓይናቸውን ወደ እሱ እስኪመልሱ ድረስ ምንም አላለም። እኛ የምንሰማ መምህራን እየጻፍን እናወራለን። መስማት የተሳነው ልጅ ግን ሁለት ዓይን ነው ያለው፣ ወይ ቦርዱን ያያል ወይ እጁን።

ከዚያ በርጩማው እንዴት ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ እንደሚወጣ አሳያቸው። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ቁጥር እየጻፉ እንደሚመላለሱ፣ ቀብድ ሳይቀበል ሥራ እንደማይጀምር፣ አንዴ ሊያታልሉት ሲሞክሩ ምን እንዳደረገ። ልጆቹ ጥያቄ ያጎርፉት ጀመር። ሚስት አለችህ? ልጅህ ይሰማል? ሌሊት ሲያለቅስ እንዴት ታውቃለህ? ፖሊስ ቢይዝህ ምን ትላለህ? እንዲህ ያለ ጥያቄ እኔን ጠይቀውኝ አያውቁም። መልሱ እኔ ጋ እንደሌለ ያውቃሉ።

እንግዲህ የእናንተ ሥራ ያያችሁትን መጻፍና በማግስቱ መተግበር ነው። አቀማመጡ እንደዚያው ይቆይ። ስትጽፉ አታስተምሩ። አስተርጓሚ ካለ ከቦርዱ አጠገብ ይቁም፣ የልጁ ዓይን ክፍሉን እንዳያቋርጥ። ደግሞም ዓይን ይደክማል። ቀኑን ሙሉ እጅ ሲያይ የዋለ ልጅ ቢያንቀላፋ ስንፍና አይደለም፣ በየመሃሉ የሚያርፍበት የግል ሥራ ስጡት።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልጨምር፣ ጅማ ላይ በጣም ያስፈልጋል። ክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሚሰሙት ክፍሎች ናቸው የሚረበሹት። መስማት የተሳናቸው ክፍል ደህና ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ሌላው መምህር በጨለማ ማውራቱን ይቀጥላል፣ የእኛ ክፍል ትምህርት ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ለዚህ ክፍል የሚሰጠው ቤት ብዙ መስኮት ያለው፣ ግድግዳው ፈዛዛ ባለ አንድ ቀለም የተቀባ ይሁን። የሚሞላ መብራትም ይገዛለት። ብዙ ቦታ ለልዩ ፍላጎት ክፍል የሚሰጠው የተረፈው ጨለማ ቤት ነው። ይህ ያናድደኛል። ልጆቹ በዓይናቸው ነው የሚሰሙት እኮ።

ንባብና ጽሑፍ ላይ

እዚህ ላይ ነው መስማት የተሳነው ረዳት ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ። ጅማ ያለ ልጅ ቤቱ አፋን ኦሮሞ፣ ሰፈሩ አማርኛ፣ መጽሐፉ ቁቤም ፊደልም እንግሊዝኛም ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁሉ መካከል ሙሉ በሙሉ የሚገባው የምልክት ቋንቋው ብቻ ነው። እሱም የአማርኛ ጥላ አይደለም፣ የራሱ ሰዋስው አለው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። “ሰጠኝ” እና “ሰጠሁት” የሚሉት ልጆቹን ያደናግሯቸዋል። የሚሰማ ልጅ ከጡት ጋር ጠብቶታል፣ እነሱ ግን መጨረሻው ላይ የተቀጠለችውን ፊደል ብቻ ነው የሚያዩት። በምልክት ቋንቋ ደግሞ መስጠት እጅ ከሰጪው ተነስቶ ወደ ተቀባዩ የሚሄድበት ነው። ከእኔ ወደ አንተ፣ ከአንተ ወደ እኔ። መስማት የተሳነው ረዳት ምን ያደርጋል? ልጁን አስነስቶ ደብተር ያቀባብለዋል። ምልክቱን ያሳየዋል። በጣት ፊደል፣ ማለትም እያንዳንዱን ፊደል በእጁ እያሳየ፣ ይቆጥርለታል። ቦርዱ ላይ “ሰጠኝ” ብሎ ይጽፋል፣ “ኝ”ን ያሰምርባትና ወደ ራሱ ደረት ይጠቁማል። ከዚያ እንደገና ምልክቱ። ነገሩ፣ ምልክቱ፣ የጣት ፊደሉ፣ ጽሑፉ ተያይዘው ይሄዳሉ። እንደዚያ ነው እሱ ራሱ የተማረው፣ ወይም እንደዚያ ቢያስተምሩት ኖሮ ብሎ የሚቆጭበት ነው።

የኢትዮጵያ የጣት ፊደል ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ቤቶች በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። “በ” እና “ቡ” አንድ ቅርጽ ናቸው፣ እንቅስቃሴያቸው ይለያያል። ልጁ ፊደል ገበታው ላይ ያለውን ሥርዓት በእጁ ይይዘዋል። ፍጥነቱን ግን ከፖስተር አትለማመዱት፣ ከሰው ነው የሚለመደው።

ሌላም አለ። ከአዲስ አበባ የመጣው መዝገበ ቃላት ላይ ያለው ምልክትና ጅማ ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት አንዳንዴ ይለያያል። የሰፈሩን ምልክት “ስህተት” ብላችሁ አታርሙ። ሁለቱንም አስተምሩ። ልጁ እዚህ ይኖራል፣ ፈተናውን ሲወስድ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ሌላውን ይፈልገዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ዲግሪ መስጠት ከጀመረ ቆይቷል፣ ትልልቆቹ ተማሪዎች ይህን ማወቅ አለባቸው።

አብራችሁ ስትሠሩ

መስማት ስለተሳነው ብቻ መምህር ይሆናል ማለቴ አይደለም። ትምህርቱን ማቀድ፣ ይዘቱን ማወቅ፣ ፈተና ማውጣት የእናንተ ነው። ሳምንቱ ሳይጀምር ቁጭ ብላችሁ አንድ ገጽ አሳዩት። “ይህን እንዴት ብታስረዳቸው ይገባቸዋል? የቱ ይከብዳቸዋል?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ስትሰሙ ዕቅዱን ለውጡ። አዳምጣችሁ ዕቅዱን እንደነበረ ካስቀራችሁት በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል፣ እውነቱንም ነው።

የልጅነት መከራውን እንዲተርክ አትጫኑት። መናገር ከፈለገ ይናገራል። የሚጠቅማችሁ ጥያቄ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ራስህ ያነበብከው ነገር ምን ነበር? የቱ መምህር ገባህ፣ ምን ስለሚያደርግ? ሳይገባህ “ገባኝ” ብለህ ራስህን ነቅንቀህ ያለፍከው መቼ ነው? ይህ መጨረሻ ላይ ያለው ወርቅ ነው። ልጆቹ በየቀኑ ይነቀንቃሉ፣ እኛ ደግሞ ገባቸው ብለን እናልፋለን። እሱ ከፊታቸው ያውቅባቸዋል።

የማይስማማችሁ ነገር ሊናገር ይችላል። ምልክታችሁ አይገባም ሊላችሁ ይችላል። ተቀበሉና እንዲያርማችሁ ጠይቁ፣ ልጆቹ ፊትም ቢሆን። ሰው ሲያጥር ደግሞ በር እንዲጠብቅ ወይም ወንበር እንዲያነሳ አታድርጉት።

ወላጆችን በሚመለከት

ወላጆችን በገበያ ቀን አትጥሩ፣ አይመጡም። ሌላ ቀን ጥሩና ቡና አፍሉ፣ ረዳቱም ከአስተርጓሚ ጋር ይኑር። የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ “ምልክት ከተማረ መናገር ይተዋል?” ምልክት መማር ንግግርን አያጠፋም። ልጁን የሚጎዳው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምንም ቋንቋ ሳይኖረው መቆየቱ ነው። ይህን እናንተ ብትናገሩት ያዳምጣሉ። የሚያምኑት ግን ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ኪራይ የሚከፍል፣ የሚቀልድ ሰው ፊታቸው ተቀምጦ ሲነግራቸው ነው። ብዙ እናት ልጇ ትልቅ ሰው ሆኖ ምን እንደሚመስል አስባ አታውቅም፣ ስለምትፈራ።

ያኔ ለቤት የሚሆኑ ምልክቶች ይማሩ። ብላ፣ ና፣ አመመህ? የሚሉት ጥሩ ናቸው፣ ግን ትእዛዝ ብቻ አይሁን። “እንዲህ ስላለች ነው የሳቅነው” ማለት የሚችሉበትንም ይማሩ። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ቡና ላይ ለልጁ እንዲያስተረጉም ተራ ያውጡ፣ ታላቅ እህቱ ዛሬ፣ አጎቱ ነገ።

ሰው ማግኘት የማይችሉ የወረዳ ትምህርት ቤቶችም አሉ፣ ለእነሱ ቪዲዮ ቅረጹ። ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ የት እንደሚታይም ንገሩት። ብርሃኑ ከፊቱ ይምጣ፣ ከወገቡ እስከ ራሱ ይታይ፣ ከኋላው የተዝረከረከ ነገር አይኑር፣ ልብሱ ከቆዳው ቀለም የሚለይ አንድ ወጥ ይሁን። ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ። ከክፍላችሁ ተምረው የወጡትን ልጆች ስልክ ደግሞ ከአሁኑ መዝግባችሁ ያዙ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የምትጠሩት ረዳት ከእነሱ ውስጥ ነው።